እስከ ስልሳ

አደይ ጥይቶቹን የዘፈዘፈቻቸው ከባሏ ሸሚዞች ጋር ነው።

ነሐሴ አጋማሽ ነበር። ዝናቡ ወልቂጤን አልለቅ ብሎ፣ ባጃጆቹ በጭቃ እየዋኙ፣ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ እየሸተተ ሰነበተ። ባሏ ደምሴ ሳሉ ጠንቶበት አታት ሆስፒታል ተኝቷል፤ ልጇ ኤፍሬም ያስታምመዋል። ቤት የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ከጓሮ ወዳለው የደምሴ የቁልፍና የብየዳ ቤት ገባች፤ ከላይኛው መደርደሪያ የወተት ዱቄት ጣሳዋን አውርዳ ከፈተችና ቆጠረች። አሥራ ሁለት ናቸው። እንደ አውራ ጣት የወፈሩ፣ ነሐሳቸው የተወለወለ፣ አናታቸው ላይ አረር የተቀመጠባቸው። አንድ በአንድ ሳሙና ውሃው ውስጥ እንደ ድንች ለቀቀቻቸው፤ ሸሚዞቹንም ከላይ አለበሰቻቸው።

በሦስተኛው ቀን አውጥታ በፎጣ አደራረቀቻቸውና እንደነበሩ ደርድራ ክዳኑን ገጠመች። «እንግዲህ ውሃ የጠጣ እሳት ምን ያደርጋል» አለች ለራሷ። መስቀል ሲመጣ ልጅቷ ቃታውን ትስባለች፤ ቀጭ ይላል። ሁለቴ ሦስቴ ቀጭ ሲልባት ታፍራለች፤ አፍራም ትተወዋለች። ሰው አይጎዳ፣ ዕቃ አይሰበር። አደይ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ጎልማሶችን ፊደል ያስቆጠረች ሴት ናት። ነገርን ሳታስብ አትሠራም። ይህንንም ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥታ አስባበታለች።

ልጅቷ ዮርዳኖስ ናት፤ የኤፍሬም ልጅ፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ።

ጠመንጃው ውጅግራ ነው። ከደምሴ አያት ለአባቱ፣ ከአባቱ ለእሱ የወረደ፣ ፈቃድ ያለው፣ አንድ አጉርሰው አንድ የሚተኩሱት የጥንት ዕቃ። ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ የሰው ዕድሜ አልፎታል። ስለዚህ በዚያ ቤት አባት ለልጁ የሚያወርሰው ጠመንጃውን ብቻ ሳይሆን አሞላሉንም ነበር። የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም፤ ታጥቦና ተወልውሎ፣ ባሩዱ በወርቅ አንጥረኛ ሚዛን ተመዝኖ እንደገና ይሞላል። ለመስቀል ቤተሰቡ አገር ቤት፣ ቸሃ ሲገባ፣ ከመንደሩ በታች ካለው የአፈር ግድግዳ ሥር ቅል ይሰቀላል። ቅሏን የሰበረ እስከሚመጣው መስቀል ድረስ የመጎረር መብት አለው፤ ሌላ ሽልማት የለም። ከቡታጅራ ድረስ የሚመጣው የደምሴ ጓደኛ ጀማሉ፣ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው፣ በዕድሜው ስድስት ጊዜ ሰብሯል። ስድስቱንም ዓመተ ምሕረት ሳይጠየቅ ይዘረዝራል።

ኤፍሬምም ተራው ደርሶ ተምሮ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቱ ላይ። ያን ዓመት አደይ ጣሳዋን ከልጁ ዓይን ለማራቅ ብላ ከውሃው እንስራ ጀርባ፣ መሬት ላይ፣ ክረምቱን ሙሉ ሸሽጋት ነበር። ደምሴ ፈልጎ ያገኛት የመስቀል ዋዜማ ነው። በማግስቱ ልጁ ቃታውን ሳበ፤ ጥይቱ ከሸፈ። ያኔ ሕጉ እስከ አሥር ቆጥሮ መክፈት ነበር። ኤፍሬም አሥር ቆጠረ፤ የልጅ አሥር ደግሞ ፈጣን ናት። ሲከፍተው እሳቱ ወደ ኋላ ወጣ። ግራ ዓይኑ ዛሬም እንደ ወተት ነጭ ናት።

ከዚያ በኋላ ደምሴ ጠመንጃውን ሰቀለው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ፈቃዱን ከማሳደስ በቀር አልነካውም። አደይ ስትናደድ «የልጄን ዓይን በላህ» ትለዋለች። እሱ አንገቱን ይደፋል እንጂ አንድ ቀን መልስ ሰጥቷት አያውቅም። ኤፍሬም አድጎ የሒሳብ መምህር ሆነ፤ አግብቶም ዮርዳኖስን ወለደ። ልጅቷ አሥራ አምስት ሲሞላት የአያቷ ሥራ ቤት ገብታ ሚዛኑን አየችና ምን እንደሚመዘንበት ጠየቀችው። የጠየቀችው ያንን ብቻ ነበር። ሽማግሌው ግን ሃያ ሰባት ዓመት ጠያቂ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ቤት እየገቡ በሩን መዝጋት ጀመሩ። አደይ ወሬ ለመስማት ብላ ጓሮ ትጠርጋለች፤ የተጠረገውን ደግማ ትጠርጋለች። የምትሰማው ግን ስለ መተኮስ አልነበረም። ስለ መወልወል፣ ስለ መመዘን፣ ስለ መጠበቅ ነበር። «ከከሸፈብሽ» ይላታል ደምሴ፣ «አፈሙዙን ወደ አፈሩ እንደያዝሽ ትቆሚያለሽ። እስከ ስልሳ። ዝንብ ዓይንሽ ላይ ብታርፍ እንኳ ስልሳ።» ልጅቷ ትስቅና ሃምሳ ዘጠኝ ላይ ብከፍተውስ ትለዋለች። እሱ አይስቅም፤ እንደገና ከአንድ ያስጀምራታል። አደይ ይህን ሁሉ ብትሰማም ዓይኗ ላይ የሚመጣው የኤፍሬም ዓይን ብቻ ነበር። እንዲያስቀሩት ለመነች፤ አለቀሰች፤ ለወንጌላዊው ነገረች። ባለፈው መስቀል ዮርዳኖስ ቅሏን ስትሰብርና ጀማሉ ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ ሲጥል፣ አደይ ጓዳ ገብታ ሁለት ጆሮዋን ይዛ ተቀምጣ ነበር።

ለዚህ ነው ጥይቶቹን የዘፈዘፈቻቸው።

ደምሴ ግን መስቀልን አልደረሰም። ጳጉሜ ሦስት ቀን ጠዋት፣ አታት፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ሾርባ ስታጎርሰው እጇን ያዘ። ሲቀብሩት ሦስት ጥይት እንዲተኮስለት ፈለገ፤ ለአባቱም ለአያቱም እንደተተኮሰው። ከዚያችው ጣሳ። ልጅቷና እሱ አብረው ከሞሏቸው።

አደይ ማንኪያው በእጇ ቀረ። የዛሬ ሰው መዝሙር ይበቃዋል አለችው። እነዚያ ጥይቶች ምናልባት አርጅተው ይሆናል አለችው።

«ቀለህ አያረጅም የኤፍሬም እናት» አለ፤ ፈገግ ሊል ሞክሮ ሳሉ ያዘው። «ደግሞ አብዛኛውን የሞላችው እሷ ናት። እጇ ከኔ እጅ ይሻላል። አገሩ ይስማላት።»

ያን ጊዜ ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር። የሚሞት ሰው ፊት ምን ተብሎ ይነገራል? ሾርባውን አጎረሰችው። በማግስቱ አረፈ።

አስከሬኑን ወደ ቸሃ ሲወስዱ በሚኒባሱ ውስጥ ዮርዳኖስ ከጎኗ ተቀምጣ ጣሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። አደይ ሦስት ጊዜ «ዮርዲ» ብላ ጠራቻት። ልጅቷ ሦስት ጊዜ «አቤት አያቴ» አለች፤ አደይ ሦስቱንም ጊዜ መስኮቱን ዝጊው ብላ አለፈችው። ከፊትም ከኋላም ዘመድ ነው። በልቧ ደግሞ ትሟገታለች። ሌላ ጥይት መዋስ አይቻልም፤ ለውጅግራ የሚሆን የትም የለም። ብትናገር ደምሴ ሳይተኮስለት ይቀበራል፤ ልጅቷም አያቷን እስከ ዕለተ ሞቷ አትምራትም። ዝም ብትል ደግሞ ቀጭ ይላል፤ ሰው ያጉረመርማል፤ ያልፋል። ቀጭ ማለት ማንን ገደለ? ውሃ የጠጣ እሳት ምን ያደርጋል? እንዲህ እያለች ደረሰች።

ለቅሶው ጀፎረው ላይ ነበር፤ በቤቶቹ መካከል ባለው ሰፊ የሣር መንገድ። ወንጌላዊው ተኩስ የሚባል ነገር አይስማማኝም ብሎ ነበር፤ የደምሴ ወንድሞች ደግሞ ያለ ተኩስ አንቀብርም አሉ። በኋላ መዝሙሩ ይቅደም፣ ተኩሱ ይከተል ተብሎ ታረቁ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሦስት ብቻ፣ ወደ አፈሩ ግድግዳ ብቻ ብሎ ፈቀደ። የሚተኩሰው የበኩር ልጅ ነው። ኤፍሬም ግን ጠመንጃውን ሲያቀብሉት እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረችው ዮርዳኖስ መጥታ ተቀበለቻቸው።

ከሩቅ ዘመዶች አንዱ ወንድ ጠፍቶ ነው ወይ አለ፣ እንዲሰማ አድርጎ።

«ያለፈውን ዓመት ቅል የሰበርከው አንተ ነህ?» አለው ጀማሉ ከኋላው። «እኔንም ደምሴንም ያሸነፈችን እሷ ናት። ዝም ብለህ አልቅስ።»

ልጅቷ ሕዝቡን ከኋላዋ አስቁማ ወደ ግድግዳው ዞረች። አጎረሰች። ቃታውን ሳበች።

ቀጭ።

አንድ ሰው ሳለ። ዮርዳኖስ አልተንቀሳቀሰችም። አፈሙዙን ወደ አፈሩ እንደያዘች ቆመች፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ነጭ ነጠላ ቆሞ ይጠብቃል። ስልሳ ስትል ከፈተችና ጥይቱን አውጥታ ሣሩ ላይ አስቀመጠች። ሁለተኛውን አጎረሰች። ቀጭ። እንደገና ቆመች። አሁን ሹክሹክታው ጨመረ። የደምሴ እጅ ቀድሞት ሞቶ ኖሯል አለ አንዱ። የለም፣ የልጅ ሥራ ስለሆነ ነው አለ ሌላው። አደይ ሁሉንም ሰማች። ያሰበችው ሁሉ ልክ እንዳሰበችው እየሆነ ነበር፤ ልጅቷ አንገቷ ድረስ ቀልታለች። አደይ ግን ደስ አላላትም። አስከሬኑ እዚያ ተኝቶ የሚሰማ መሰላት።

ሦስተኛው ቀጭ አለ። ልጅቷ ቆመች። የሚጠብቀው ሕዝብ ሰልችቶት ወሬ ጀምሯል፤ ከደምሴ ወንድሞች አንዱ ይብቃሽ ልጄ፣ ክፈቺውና ስጪኝ እያለ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ዮርዳኖስ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ጠመንጃው በራሱ ጮኸ።

ድምፁ የታፈነ ነበር፤ ግን ጮኸ። ነጭ ጭስ ፊቷን ሸፈናት፤ ከግድግዳው አፈር ረገፈ። ሕዝቡ በአንድነት አለቀሰ፤ ወንዶቹ የደምሴን ስም ጠሩ፤ ከሣጥኑ ውስጥ ሆኖ ራሱ መለሰ እስከ ማለት የደረሰም ነበር። ጭሱ ሲገለጥ ዮርዳኖስ ቆማለች፤ ሁለት ዓይኖቿ ተከፍተዋል። ከኋላዋ ኤፍሬም ተንበርክኮ፣ ግራ ዓይኑን በመዳፉ ይዞ ነበር።

አደይ ከሕዝቡ መካከል ቁጭ አለች። ሴቶቹ ለባሏ መስሏቸው ደገፏት።

ከቀብር በኋላ፣ ከሰዓት፣ ሰው ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ አራቱ ጓዳ ገቡ፤ አደይ፣ ኤፍሬም፣ ዮርዳኖስና ጀማሉ። ልጅቷ ከከረጢቷ ሚዛኑን አውጥታ ጀማሉ ፊት የተነጠፈው ጅባ ላይ አስቀመጠች። ሁለተኛ እንደማትነካው፣ አባባ ደምሴን በሰው ፊት እንዳዋረደችው፣ እሱ ሲታመም ብቻዋን የሞላቻቸውን ሳታበላሽ እንዳልቀረች ነገረችው። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። ባለፈቃዱ ከሞተ ጠመንጃውም ለመንግሥት መመለሱ አይቀርም፤ ስለዚህ ይለቅ አለች።

አደይ ክረምቱን ሙሉ የለመነችው ይኸው ነበር። አሁን ዝም ካለች ተሰጥቷታል።

ጀማሉ ሚዛኑን አልነካም። ከከሸፉት ሁለት ጥይቶች አንዱን አንስቶ አገላብጦ አየ፤ ከኪሱ ፒንሳ አወጣና ወደ መስኮቱ ዞሮ አረሩን ቀስ ብሎ ነቀለ። ባሩዱ አልፈሰሰም። እንደ ረጠበ ጭቃ ተጠፍጥፎ ተጣብቋል። በጥፍሩ ጫረው፤ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለና አደይን አያት። የልብስ ሳሙና ከእጇም፣ ከነጠላዋም፣ ከዚያ ቀለህም ይሸት ነበር።

«እርጥበት ነው» አለ። ከዚያ ለዮርዳኖስ፣ ሚዛኗ ላይ ስሕተት እንደሌለ ነገራት። «ባሩድ ፈጽሞ ከራሰ ሞተ ነው፤ አያስፈራም። ግማሽ የራሰ ግን አይሞትም፤ ያንቀላፋል። ስንት ላይ ነበርሽ ሲጮህ?»

«አሥራ አራት።»

አሥር ላይ ከፍታው ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን ከኤፍሬም በላይ የሚያውቅ እዚያ ቤት አልነበረም።

አደይ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ተነሳች፤ ተመልሳም ተቀመጠች። «እኔ ነኝ» አለች። «ከሸሚዞቹ ጋር ዘፍዝፌያቸው ነበር። ሦስት ቀን። እንድትተዪው ብዬ። ውሃ እሳትን ይገድላል ብዬ ነው ልጄ።»

ዮርዳኖስ አያቷን አየቻት። ሰው መንገድ ላይ አንድ የሚያውቀው የመሰለውን ጠርቶ ፊቱ ሲዞር ሌላ ሆኖ ሲያገኘው እንደሚያይ፣ እንዲያ አየቻት። አደይ ቀጠለች፤ አፏ አንዴ ከተከፈተ አልዘጋ አለ። የአባትሽን ዓይን ያየሁት እኔ ነኝ፣ ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ እሱንም ቢሆን ለማዳን ያላደረግሁት የለም፣ ጣሳዋን እንኳ ከእንስራው ጀርባ ደብቄ…

እዚያ ላይ ኤፍሬም ቀና አለ።

«እማዬ» አለ፤ ድምፁ ልጆችን ሒሳብ የሚጠይቅበት ያ የዝግታ ድምፅ ነበር። «የትኛው እንስራ ጀርባ?»

አደይ ልትመልስ አፏን ከፈተች። የውሃው እንስራ። መሬቱ ክረምት ከበጋ የሚያልብበት፣ ውሃ ሲቀዳ የሚንጠባጠብበት ጥግ። ክረምቱን ሙሉ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ይህን ለሰው ስትናገረው እንደ ምስክር ነበር የምትቆጥረው፤ እኔማ ደብቄው ነበር፣ እሱ ነው ፈልጎ ያወጣው እያለች። አሁን ጣሳዋ ራሷ ዓይኗ ላይ መጣች፤ ቂጧ ዝጎ፣ ዝገቱ መሬቱ ላይ ክብ ምልክት ትቶ። ከአደጋው በኋላ ያቺን ጣሳ አይታት አታውቅም። ደምሴ አዲስ ጣሳ ገዛ፤ እጅ የማይደርስበት ደረቅ መደርደሪያ ሠራ፤ አሥሩን ስልሳ አደረገው። ጣሳዋን ማን እዚያ እንዳስቀመጣት አንድ ጊዜ ጠይቋት ነበር። እኔ ነኝ ስትለው እሺ አላት። ሁለተኛ አልጠየቃትም። የልጄን ዓይን በላህ ስትለው አንገቱን ይደፋ ነበር።

ጀማሉን አየችው። ሽማግሌው ጅባውን እያየ ነበር። እሱም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሃያ ዘጠኝ መስቀል ቤቷ መጥቶ በልቶ ጠጥቶ ሲሄድ ያውቅ ነበር።

«የውሃው» አለች ለኤፍሬም። «የውሃው እንስራ።»

ጀማሉ ኮፍያውን ይዞ ወጣ። ዮርዳኖስ ተከትላው ተነሳች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ተመልሳ ሚዛኑን ከጅባው ላይ አነሳችና ነጠላዋ ውስጥ ጠቅልላ፣ አያቷን ሳታይ ወጣች።

እናትና ልጅ ቀሩ። ኤፍሬም በደህናው ዓይኑ መስኮቱን ያያል፤ በነጩ በኩል ያለችው እሷ ናት። ከድንኳኑ መዝሙር ይሰማል። አደይ ልትናገር ፈለገች፤ አላወቅሁም ልትለው፣ ማረኝ ልትለው፣ እጁን ልትይዘው እጇን ዘረጋች። ከዚያ እጇን መለሰች። ደምሴ ከበር ጀርባ ልጅቷን ሲያስተምር የሰማችው ትዝ አላት። መክፈት የለም። መነካካት የለም። ዝንብ ዓይንሽ ላይ ብታርፍ እንኳ።

አንድ፣ አለች በልቧ። ሁለት። ሦስት።

ቀስ ብላ ነው የቆጠረችው። ስልሳ ደረሰች። ልጇ አልተናገረም፣ ፊቱንም አላዞረም። አደይ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና እንደገና ከአንድ ጀመረች።